ተደፍቶ የሰማው ፊልም

ቅዳሜ

ፊልሙ አሁንም እዚያው ላይ ቆሟል። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ሴትየዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ አፏን ከፍታ ቀርታለች። ኑረዲን ያቆመው እዚህ ጋ ነው። የዚያን ዕለት ከቀኝ ዓይኑ ጥግ ጥቁር መጋረጃ መውረድ ሲጀምር የፊልሙ አካል መስሎት ዝም ብሎ ጠብቋል። ከዚያ ከሳሎን ሆኖ «ስክሪኑ ሊበላሽብኝ ነው መሰለኝ» አለ። እኔ ኩሽና ነበርኩ። «አጥፍተህ አብራው» አልኩት። ባሌ ዓይኑ ሊጠፋ ሲል የሰጠሁት ምክር ይሄ ነው።

ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዓይኑ ኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተላቆ ነበር። መልሰው አጣበቁትና እንዳይነሳ ዓይኑ ውስጥ ጋዝ ሞሉበት። ጋዙ ሽፋኑን ደግፎ የሚይዘው ግን እሱ በግንባሩ ሲደፋ ብቻ ነው። ተደፍቶ ይተኛል፣ አንገቱን ደፍቶ ይበላል፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ቢያንስ አንድ ሳምንት። ግራ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጥላ በስተቀር አያይም። ስለዚህ ያለን ይሄው አንዱ ነው። «ያለን» ብዬ ጻፍኩት። ይሁን።

ፍራሹን ወደ አልጋው ጫፍ ስቤ ጭንቅላቱ ወጣ እንዲል አደረግኩ። ግንባሩን ፎጣ ጠቅልዬ ያነጠፍኩበት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ያሳርፋል። ኑረዲን ዶራሌ ወደብ ትራንዚተር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የኮንቴይነር ቁጥር ሲያነብ የሚውል ሰው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፎጣ ላይ ዋለ።

አመሻሽ ላይ «ዘይኒ፣ ያቺ ሴትዮ ምን ሆነች?» አለኝ።

«የቷ ሴትዮ?»

«የመድኃኒት ቤቷ። ልጇን ያፈኑባት።»

እንደዚህ ዓይነት ፊልም እንደማልወድ ያውቃል። በትዳራችን ሙሉ፣ ሙዚቃው ሲቀየር ውሃ ላምጣ ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ። ውሃ ጠምቶኝ አያውቅም።

«አንቺ እያየሽ ንገሪኝ» አለ። ንግግሩ በስፓኒሽ ነው፣ ከሥር ፈረንሳይኛ ይጻፋል። ድምፁን ብቻ ቢሰማ አይገባውም።

ነገ አልኩት።


እሑድ

ካርትዬ ሁለት ሰፈር ያለችውን የጨርቅ ሱቄን እስከ ቀትር ብቻ ከፍቼ ተመለስኩ። ሙቀቱ ጀምሯል። ክሊሙን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ከፈትኩ፤ የመብራት ሒሳቡን በኋላ አስብበታለሁ።

መጀመሪያ አልጋው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ጀመርኩ። ድምፄ ከጀርባው እየመጣ አስቸገረው። ስለዚህ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፌ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን ከጭንቅላቱ ሥር አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ሆዴ ላይ። ፊቱ ከፊቴ በላይ ተንጠልጥሏል፤ የተሸፈነው ዓይን፣ ከፎጣው የቀረበት መስመር፣ ያልተላጨው ጺም። ከዚህ አቅጣጫ አይቼው አላውቅም። ጉንጩ ወደ ታች ሲንጠለጠል አባቱን ይመስላል። አልነገርኩትም።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ኤሌና የምትባል ሴት ትንሽ መድኃኒት ቤት አላት። ጠዋት ልጇ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ያፍኗታል። አንድ ሰውዬ ይደውላል። አይጮህም፣ አይሳደብም። «ሱቅሽን እንዳትዘጊ። እንደ ሁልጊዜው ሁኚ፤ እያየንሽ ነው» ይላታል። አመሻሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዋ የልብ መድኃኒቱን ሊወስድ ይመጣል። በበሩ ሥር የተወረወረ ፖስታ አለ፤ ውስጡ ሌላ ክኒን ነው። ያን ስጪው ይላታል። ሽማግሌው በማግስቱ ፍርድ ቤት ሊመሰክር ነው። ከሰጠችው ልጇ ትመለሳለች። ካልሰጠችው አትመለስም።

«በጣም ፈራች» አልኩት።

«ፈራች አትበዪኝ። እጇ ምን እያደረገ ነው?»

አየሁት። እጇ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጠርሙሶች እያስተካከለ ነው። የተስተካከሉትን። ይሄን ስነግረው «እ» አለና ትንፋሹን ያዘ። እኔም ያኔ ነው የፈራሁት።

ከዚያ በኋላ እንደዚያው ነገርኩት። ምን እንደተሰማት ሳይሆን ምን እንዳደረገች። ሰዎች ይገባሉ፣ የሳል ሽሮፕ ይገዛሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። እሷ ትስቅላቸዋለች። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። አንድም ሰው አይመታም፣ ደም የለም። እኔ ግን የኑረዲንን የእጅ አንጓ ጨምድጄ ይዤ ነበር፤ ሲያመው ነው ያወቅኩት።

ነጃት ከድሬዳዋ ደወለች። ልጃችን እዚያ አያቷ ቤት ሆና ትማራለች። ዛሬ ሁለቴ ነው ያነጋገርኳት፤ ሁለተኛውን እኔ ነኝ የደወልኩት። «እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ፊልም አይቼ ነው ማለት አፍሬ ስለ ፈተናዋ ጠየቅኳት።


ሰኞ

ለምርመራ ሄድን። ታክሲ ውስጥ ግንባሩን የፊተኛው ወንበር ላይ አስደግፎ ሄደ። ሾፌሩ የሚያለቅስ መስሎት ሙዚቃውን ቀነሰ።

ሐኪሙ ዓይኑን አየው፣ በፈረንሳይኛ «ጥሩ፣ ጥሩ» አለው። ከዚያ ነርሷ ጠብታ ስታደርግለት እኔን ኮሪደር ላይ አስወጣኝ። ሽፋኑ ላይ የነበረው ቀዳዳ ትልቅ እንደነበር ነገረኝ። ለጊዜው ይዟል። ግን አጥርቶ የሚያየው መሃለኛው ክፍል ራሱ ተላቆ ስለነበር ሽፋኑ ቢያዝም ምን ያህል እንደሚያይ መናገር አይችልም። ምናልባት ያነባል፣ ምናልባት ቅርጽ ብቻ ይለያል። ተመልሶ የመላቀቅ ነገርም አለ። «ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም፤ እንድታውቂው ነው» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው። እንድጠይቀው ጠበቀኝ። አመሰግናለሁ ብዬው ገባሁ።

ኑረዲን «ምን አለሽ?» አለኝ።

«ስለ ጠብታው ነው። ሰዓቱን እንዳናሳልፍ።»

ቤት ገብቼ ሩዝ ሠራሁ፣ ጠብታውን አደረግሁ፣ ያልቆሸሸ ልብስ አጠብኩ። መብራት ስለጠፋ ፊልም የለም። ጎረቤታችን ሀቦ ሐዋ ፋህፋህ የሚባል የሥጋ ሾርባ ይዘው መጡ። ሰፈሩ ሁሉ በሶማሊኛ አክስት እያለ የሚጠራቸው ባልቴት ናቸው፤ ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው ጥሩ ነው። ኑረዲን ጎንበስ ብሎ ሾርባውን በቀሰም ጠጣው፣ ሥጋው ሲቀር በማንኪያ አጎረስኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሀቦ ሐዋ ግን አላዩኝም ብዬ ስዞር እያዩኝ ነበር።


ማክሰኞ

ሀቦ ሐዋ ዛሬም መጡ፤ ፊልሙን ሰምተዋል። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ልጅቷ ትኖራለች ወይስ ትሞታለች? እሱን መጀመሪያ ንገሩኝ» አሉ።

ኑረዲን ከፎጣው ውስጥ «ሀቦ፣ እሱን ካወቁ ምን ቀረ?» አላቸው።

«እሱን ካላወቅኩ ሌላውን እንዴት እሰማለሁ? ጆሮዬን ይደፍነዋል።»

እኔ ውስጥ ውስጡን ከእሳቸው ጋ ነበርኩ።

ፊልሙን ቀጠልኩ፤ ሽማግሌው መጣ። ይሄን ትዕይንት እስካሁን ካየሁት ሁሉ አልረሳውም። ሽማግሌው ወሬኛ ነው። ስለ ጉልበቱ ያወራል፣ ስለ ልጁ ሚስት ያወራል። የሱሪ ኪሱን ይፈትሻል፣ የኮቱን ኪስ ይፈትሻል፣ ሳንቲም በሳንቲም ያወጣል። ፖስታው ከባንኮኒው ሥር ነው። ካሜራው አንዴ የእሱን ጣቶች፣ አንዴ የእሷን ፊት ያሳያል። እኔ የእሱን ጣቶች ነገርኩ፣ የእሷን ፊት ነገርኩ። ሀቦ ሐዋ «በቃ ይሂድ» ይላሉ። ኑረዲን «ቆይ፣ ቆይ» ይላል።

በመጨረሻ ክኒኑን ከረጢት ውስጥ ከተተችለትና «እንካ፣ ውሰድ» አለችው። እሱም ወሰደና ሄደ።

«ምን አለችው?» አለኝ ኑረዲን።

«እንካ፣ ውሰድ።»

«እንካ? እስካሁን እርስዎ ስትለው አልነበረም እንዴ?»

ወደ ኋላ መለስኩት። እውነቱን ነው። ፈረንሳይኛው ሁልጊዜ በእርስዎ ነበር፤ ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ምራትዎ ደህና ናቸው። ይሄን አንድ ጊዜ ብቻ በአንተ ነው። የጻፈው ሰው ተሳስቶ መስሎኝ ነበር።

«አልተሳሳተም» አለ። «በሌላ መንገድ ልትነግረው ስለማትችል ነው። ከሆነለት ይገባዋል። ካልሆነለት ተቆጥቶ ይውጠዋል።» ከዚያ «ጥሩ ፊልም ነው» አለ።

ሀቦ ሐዋ ተነሱ። በር ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው «አንቺ ልጅ፣ ትተኛለሽ?» አሉኝ። እተኛለሁ አልኳቸው።


ረቡዕ

ያደረግሁትን ባላደርገው ይሻል ነበር ወይ፣ አላውቅም። ጠዋት እሱ ሲያሸልብ ኮምፒውተሩን ይዤ ኩሽና ገባሁና ፊልሙን ወደ መጨረሻው ወሰድኩት። የመጨረሻውን ብቻ። ኤሌና ብቻዋን የመድኃኒት ቤቱን በር ትከፍታለች። ከባንኮኒው ጀርባ ልጅቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራባት ትንሽ ወንበር አለች። ባዶ ናት። ኤሌና ወንበሯን ነካ ታደርግና ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። አለቀ።

ልጅቷ ሞታለች ማለት ነው። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ድስት አውጥቼ መልሼ ከተትኩ።

እንዲህ ተደፍቶ ይሄን አይሰማም አልኩ። ደግሞ ደም ግፊት አለበት። ከሰዓት ምንጣፉ ላይ ተኛሁና ድምፁን ዘግቼ ከራሴ ነገርኩት። ፖሊሶች መጡ፣ አንድ ቤት ከበቡ፣ በሩን ሰበሩ፣ ልጅቷ ምንም ሳትሆን ተገኘች፣ እናቷ አቀፈቻት። አለቀ። በደንብ የነገርኩ መስሎኝ ነበር። እጅ አልረሳሁም፣ ፊት አልረሳሁም።

ኑረዲን ግንባሩን ከፎጣው ትንሽ አነሳ።

«ሽማግሌውስ?» አለኝ።

«የቱ?»

«ክኒኑን ይዞ የሄደው። ዋጠው? አልዋጠውም?»

ጭራሽ ረስቼዋለሁ። «አ... አልዋጠውም መሰለኝ» አልኩ።

«መሰለኝ።»

ከዚያ ድምፁ ሳይቀየር፣ ሳይቆጣ እንዲህ አለኝ፦ «ዘይኒ፣ ከሰኞ ጀምሮ አንድም ጊዜ አልተቆጣሽኝም። ውሃውን ምንጣፉ ላይ ደፋሁት፣ ምንም አላልሽም። ጠብታውን አልፈልግም ብዬሽ ለመንሽኝ። አንቺ ለምነሽኝ ታውቂያለሽ? ሐኪሙ ምን አለሽ?»

ፊቱ ከፊቴ በላይ ነው። እሱ አያየኝም፤ ግን የምደበቅበት የለኝም። ከዚያ ሥር ተንከባልዬ ልወጣ አሰብኩ። አልወጣሁም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀዳዳውን፣ መሃለኛውን ክፍል፣ ምናልባት ያነባል፣ ምናልባት ቅርጽ ብቻ፣ ምናልባት እንደገና። እየነገርኩት አንድ ጠብታ ከላይ ጉንጬ ላይ ወደቀ። የመድኃኒቱ ይሁን የእሱ አላውቅም። አልጠየቅኩም።

«ይሄን ይዘሽ ነው ስትስቂልኝ የዋልሽው?» አለ።

«አዎ።»

«ደክሞሻል።»

ይሄን ሲለኝ ነው ያለቀስኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሰኞ ስለ ራሴ አንድም ነገር አልጻፍኩም፤ አሁን ሳነበው የልብስ አጠባ ብቻ ነው ያለው። ደክሞኛል። የሱቁ ኪራይ፣ የእሱ ሥራ፣ ነጃት ብትሰማ የምትሆነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮንቴይነር ማንበቡ አይደለም የሚያስፈራኝ። ገበያ ስንሄድ ከሩቅ እኔን ከሌሎች ሴቶች መሃል ለይቶ የሚያገኘኝ ማየቱ ነው። እሱ እንዳይጠፋ።

በኋላ «ደግሞ ፊልሙን ስጪኝ፤ እውነተኛውን» አለኝ። ልጅቷ ሞታለች አልኩት። «እንግዲህ ትሙት፤ አብረን እንስማው» አለ።


ሐሙስ

አልሞተችም።

ከተውንበት ጀምረን እስከ መጨረሻው አየነው። ሽማግሌው በ«አንተ» በጣም ተቀይሟል። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ያጉረመርማል። «እኔን? አንተ?» ክኒኑን ያወጣል፣ ይመልሰዋል። ውሃ ይገዛል። ጠርሙሱን ይከፍታል። ሀቦ ሐዋ ዛሬ ወንበራቸውን ትተው ምንጣፉ ላይ ወርደዋል፤ ኑረዲን አልጋውን በጣቱ ይመታል። እኔም ተናጋሪዋ ሆኜ፣ መጨረሻውን አይቼ፣ ባዶዋን ወንበር እያወቅሁ፣ «አትዋጠው» እያልኩ ነበር። ማወቄ ምንም አልረዳኝም። እንዲያውም ባሰብኝ።

ሽማግሌው ጠርሙሱን ከደነ። ተነሳና ወደ ሱቁ በር ተመለሰ። በመስታወቱ አያት። እሷ የተስተካከሉ ጠርሙሶችን እያስተካከለች ነው። ያኔ ገባው። ወደ ውስጥ ግን አልገባም፣ ዞሮ ሄደ፣ ፖሊስ ጠራ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ወረደ። መኪና ለመኪና መባረር፣ መተኮስ፣ የሚገለበጥ የፍራፍሬ ጋሪ። ልጅቷን የደበቁበት የተዘጋ የልብስ እጥበት ቤት ነበር፤ እዚያ ለመድረስ ግማሽ ከተማ አፈረሱ። ኑረዲን ማዛጋት ጀመረ። «አሁን ምን ሆነ?» ሲለኝ «አሁንም መኪና ነው» እለዋለሁ። ይሄ ሁሉ ጥይት ሲተኮስ ልቤ አልመታም፤ ሽማግሌው ሳንቲም ሲፈልግ ግን እጄን ነክሼ ነበር። ይሄን ስነግረው «እዚያ ምን እንደሚሆን አንቺም ታስቢ ነበር፤ እዚህ እነሱ ብቻ ናቸው የሚሮጡት» አለኝ። የሚያስፈራ ፊልም የሚወደው ለምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። እኔ መደንገጥ ይወዳል እያልኩ ነበር። እሱ የሚወደው መጠበቁን ነው።

ልጅቷን አገኟት። ተርባለች፣ ተቆጥታለች፣ በሕይወት አለች። ከዚያ ያ የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። ወንበሯ ባዶ የሆነችው ልጅቷ በዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስለተመለሰች ነው። እናቷ በር ድረስ ሸኝታት፣ ተመልሳ ሱቋን ከፍታ፣ ብቻዋን ስትሆን ነው ያለቀሰችው። ያንኑ ሥዕል ነው ያየሁት፤ ሌላ ነገር ሆኖ።

ሀቦ ሐዋ «መጀመሪያ ብትነግሩኝ ኖሮ ጨጓራዬ አይነድም ነበር» አሉና ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ኑረዲን ውሃውን ዛሬም ምንጣፉ ላይ ደፋው። ተቆጣሁት። «ኦ፣ መጣሽ» አለኝ።


ዓርብ

ጁምዓ መሄድ አልቻለም። ቤት ሰገደ። ሲጨርስ «ሳምንቱን ሙሉ ሱጁድ ላይ ነኝ፤ ዛሬ ምን ለየው?» አለ። አትቀልድ አልኩት። እየቀለድኩ አይደለም አለኝ።

አንገቱ በጣም ያመዋል። በሰሊጥ ዘይት አሸሁለት። ለነጃት ነገርናት፣ ሁሉንም። አለቀሰች፣ ከዚያ ፈተናዋ እንዳለቀ በባቡር እመጣለሁ አለች። ናጋድ ጣቢያ ማን ይቀበለኛል ስትል አባቷ «እኔ» አላት።

ሌላ ፊልም የለም ወይ አለኝ። አስቂኝ ነገር ፈልጌ ነበር፤ አልፈለገውም። የሚጠበቅበት ይሁን አለ።


እሑድ

ከምርመራ ተመለስን። ቶሎ ልጻፈው።

ሐኪሙ በመብራቱ ብዙ ቆየ። የእኔን ትንፋሽ እሰማ ነበር። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ዛሬ ኮሪደር ላይ ሳያስወጣኝ ለሁለታችንም ተናገረ። ሽፋኑ ይዟል። በሁሉም በኩል። ምን ያህል እንደሚያይ አሁንም አያውቅም፤ ጋዙ በራሱ እየቀነሰ መሄድ አለበት፣ እስኪጠፋ ከፍታ ቦታ መውጣት የለም፣ ከሳምንታት በኋላ እንመለሳለን። ተመልሶ ሊላቀቅ አይችልም አላለም። ኑረዲን ራሱ ጠየቀው፤ ሐኪሙም «ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም» አለው። ቀና ብለህ መሄድ ትችላለህ አለው ግን።

ቀና አለ። አንገቱ ቀጭ አለ። ነርሷ ሳቀች።

ታክሲ ስንጠብቅ ግድግዳው ጥላ ሥር ፊት ለፊቱ ቆምኩ። እስከ ትናንት ጠብታ ሳደርግለት የሚያየው ወተት ብቻ ነበር። አሁን ጋዙ ከላይ በኩል ጎድሏል፤ ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ውሃ መስመር ሠርቶ ይወዛወዛል አለኝ። ከመስመሩ በላይ ይታየዋል።

«ምን?» አልኩት።

«ሻሽሽ። ግንባርሽ። ከዚያ በታች ውሃ ውስጥ ነሽ።»

«ግንባሬ እንዴት ነው?»

«ተሸብሽቧል።»

እይታው ዓይኔ ድረስ አለመድረሱ በጀኝ አልኩ በሆዴ፤ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ ነበር። ምንም ድምፅ አላሰማሁም። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ፣ ትንሽ ስቶ ጆሮዬን ነካ፣ ከዚያ ጉንጬን አገኘና በአውራ ጣቱ ጠረገው። እንዴት አወቅህ ስለው ሳምንቱን ሙሉ አንቺን ከመስማት ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ አለኝ።

አሁን ሳሎን ተቀምጧል፣ ቀና ብሎ። የግድግዳውን የላይኛውን ክፍል እያየ ነው። ቀለም መቀባት አለበት ይላል።